ከጅረቱ ወዲህ

መስከረም 29 ቀን 1998፣ እሁድ

ሥራ ቦታ በፈረንጆቹ 2005 ነው። እዚህ ደብተር ላይ ግን 1998... በሰባት ዓመት ልጅ የምሆንበት ቦታ ይሄ ብቻ ስለሆነ አልቀይረውም።

ኤዶሳ ዛሬ ልብስ ሲያጥብ ዋለ። የአደን ልብሱን ብቻ። ሽታ በሌለው ሳሙና። የኔንና የልጃችንን የሶሊያናን ልብስ ከማሽኑ አውጥቶ ወለል ላይ ቆልሎ! ከዚያ የራሱን ጓሮ ወስዶ ገመድ ላይ ሰቀለው። እቤት ቢደርቅ ምን ይሆናል?

"የሽንኩርት ሽታ ይገባበታላ! አጋዘን ከስንት ሜዳ ማዶ ይሸተዋል፣ ማሚትዬ።"

ከተጋባን ጀምሮ ጣቱን እየላሰ የበላው ወጥ ዛሬ አጋዘን አባራሪ ሆነ። "እንግዲያው አጋዘኗን አግባ" አልኩት። ሊስቅ ጀመረና መሃል ላይ አቆመው። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንዲህ ነው። ሚያዝያ ላይ ደረቱን ከፍተው ልቡን ሲጠግኑለት፣ ነርሶቹ ትራስ ሰጥተው "ስትስቅና ስትስል እቀፈው" ብለውት ነበር። ትራሱን ከተወው ቆየ። ሳቁ ግን እስካሁን ሙሉውን አልወጣም።

ዶክተሩ በየቀኑ ተራመድ ብሎት ነበር። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ እስከ ሱቁ ሄደህ ተመለስ ስለው "ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ሰው ምን ይባላል?" እያለ ሶፋው ላይ ቀረ። ፊቱ ወደ ግድግዳ። ታክሲውን ሸጠ፣ ሰው መጥቶ ሲጠይቀው መልስ የለም። ሰኔ ላይ ጨነቀኝና መሬቱ ጋ ወሰድኩት። ወደ ሰሜን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ጫካ፣ ጅረት፣ ትንሽ የቆርቆሮ መጋዘን። ሳይታመም በፊት ከአንዲት አሮጊት የገዛው። ከመኪናው ወረደ... ምንም ሳይለኝ መራመድ ጀመረ። እዚያ አይደክመውም። ጅረቱ ዳር ኦክ ዛፍ ላይ ራሱ የሠራው ማማ አለ፤ አባቱ ወለጋ በቆሎ ከዝንጀሮ የሚጠብቁበት ዓይነት። እዚያ ወጥቶ ይቀመጣል። ጠመንጃ ይዞ ይወጣል እንጂ እስከ ዛሬ አንድም አጋዘን አልገደለም። ሲመለስ ግን ሰው ሆኖ ነው የሚመለሰው።

እኔ? ማማው ላይ ወጥቼ አላውቅም። መርካቶ ያደገ ሰው ዛፍ ላይ ምን ይሠራል?

አሁንም ስተኛ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ነው። ይቆጣኛል። አልተውም።


ጥቅምት 5፣ ቅዳሜ

ኤዶሳ ከመሬቱ ቀደም ብሎ መጣ። ገና በሩን ሲከፍት ደንግጫለሁ። ልቡ መስሎኝ...

"ማማው የለም።"

"እንዴት የለም? ወደቀ?"

"የለም አልኩሽ! ተነቅሏል። መሰላሉ የለም፣ ወንበሩ የለም፣ ሸራው፣ ትንሿ የጋዝ ማሞቂያ... ሚስማሮቹ የነበሩበት ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው።"

ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ያ ሶፋ! መሸጥ ነበረብኝ። ምሳ አልበላም። እራትም ገፋ አደረገው። ሶሊያና አጠገቡ ሄዳ "ሶሪ፣ ዳድ" ብላ ትከሻው ላይ ተደገፈች። ሌባ እንጨት ምን ያደርግለታል? ለማገዶ? የታመመ ሰው በእጁ የሠራውን?


ጥቅምት 6፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ሄድኩ። ስመለስ እንደተውኩት አገኘሁት። አልተራመደም።


ጥቅምት 9፣ ረቡዕ

አርቪድ ጋ ደወለ። አርቪድ የመሬቱ ጎረቤት ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ገበሬ። በስሜ ጥሩኝ ስላለን አርቪድ እንለዋለን፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አንቱ ማለት ያምረኛል። ሁለቱ ይዋደዳሉ። አርቪድ ሉተራን፣ ኤዶሳ መካነ ኢየሱስ፣ አንድ ቤት ነን ይባባላሉ። እኔ ተዋሕዶዋ በመሃል ጾመኛ እንግዳ።

ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ስለ ዝናብ። ስለ በቆሎ። እንደገና ስለ ዝናብ። ስለ አንድ ትራክተር። ስልኩን ዘጋ።

"ምን አለህ ታዲያ?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ለምን ደወልክ ታዲያ?"

"እንዴት ብዬ ልጠይቀው? ማማዬን አይተሃል ብለው 'ሌባ ነህ' ማለቴ አይደለም?" ቆይቶ ደግሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግን ማሚትዬ... ሲጨርስ ምን አለኝ መሰለሽ? 'አንድ ቀን ስለዚያ ኦክ እናወራለን' አለኝ። እኔ ስለ ዛፉ ምንም አልነገርኩትም። ከየት አወቀ?"

አሁን ደግሞ ይህን ሲያመነዥክ ያድራል።


ጥቅምት 10፣ ሐሙስ

ሮቢንስዴል፣ ሥራ ቦታዬ፣ የምንከባከባቸው አሮጊት አሉ፣ ገበሬ የነበሩ። እግራቸውን ሳጥብ የኤዶሳን ስልክ ነገርኳቸው። ሳቁ። "እዚህ አገር ገበሬ ስለ ዝናብ ሁለቴ ካወራ፣ ሊናገር ያልቻለው ነገር አለ ማለት ነው" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።


ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ፈራሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ፈራሁ።

ጠመንጃውን አወጣና ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ማጽዳት አይደለም ነገሩ። "ሄጄ እጠብቀዋለሁ። ሌባ ያገኛትን ቦታ አይለቅም። ይመለሳል። ቁጥቋጦው ውስጥ ሆኜ እይዘዋለሁ።"

"ይዘህስ?"

ጠመንጃውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

ዓምና እዚህ ጎረቤት ግዛት፣ ዊስኮንሲን ጫካ ውስጥ በማማ ጠብ ያ ሁሉ ሰው ሲሞት ቲቪው ፊት አብረን ተቀምጠን አይተን የለም? አንዱ መሬቴ ነው አለ፣ አንዱ አላወቅኩም አለ፣ ክፉ ቃል ተወራወሩ... በቃ። ያን ሰሞን ኤዶሳ ራሱ አይደለም እንዴ "በዛፍ ምክንያት!" እያለ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ የነበረው? አሁን ጥቁር ሰው፣ ጠመንጃ የያዘ፣ የተናደደ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ... ከፊቱ የሚመጣው ደግሞ ማን እንደሆነ አይታወቅ፣ እሱም ጠመንጃ ይዞ። ማን ቀድሞ ይተኩሳል? ልቡስ ያን ይችላል? በአንዱ ቢተርፍ በሌላው ይሞታል።

"ማም፣ ጀስት ኮል ዘ ሸሪፍ!" አለች ሶሊያና ከደረጃው ላይ።

"ጎረቤቴ ላይ ሸሪፍ ልጥራ? አብሬው የምኖረው ሰው ላይ?" አለ አባቷ። ፖሊስ መጥራት ነውር ነው፣ ጠመንጃ ግን ነውር አይደለም! የወንዶች ነገር እንዲህ ነው።

ሻወር ሲገባ ጠመንጃውን ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ቆለፍኩና ቁልፉን ሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። እስከ ክርኔ ሽሮ በሽሮ ሆንኩ። ሲወጣ ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ክንዴን አየ። ትንሽ ቆይቶ መጣና እጅጌዬን አራገፈልኝ።


ጥቅምት 13፣ እሁድ

ጋሽ ቃልቤሳን እቤት ጠራኋቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ እዚህ ያለ የባልና ሚስት ጠብ፣ የዕቁብ ጠብ፣ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚያልቀው። ከዘራቸውን ሁለት ጉልበታቸው መሃል ተክለው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"አውጫጭኝ ነው የሚያስፈልገው" አሉ።

ሶሊያና ምንድነው አለች። አስረዷት። በሳቸው ልጅነት ከብት ሲጠፋ አገሩ በሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያልመጣ ይቀጣል። ያየ ሰው ደግሞ "እኔ አየሁ" አይልም፣ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። ማንም ማንንም በጣት ሳይጠቁም እውነቱ ይወጣል።

"ላይክ... ኤ ታውን ሚቲንግ? ዊዝ በርድስ?"

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ ቃልቤሳ።

"ጥሩ ነው አለች" አልኩ።

ኤዶሳ ብቻ አኮረፈ። "እነሱ ፈረንጆች ናቸው እኮ ኦቦ። ባይመጡ ማን ይቀጣቸዋል?"

"ምግብ አለ በላቸው። ይመጣሉ።" ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ደረቱ ጠቆሙ። "እስከዚያ ጫካ እንዳትገባ። ቃልህን ስጠኝ።"

ሰጠ። እፎይ... ዛሬ እተኛለሁ።


ጥቅምት 17፣ ሐሙስ

ኤዶሳ ለመሬቱ ጎረቤቶች ሁሉ ደወለላቸው። ሁሉም እሺ አሉ፤ ሁሉም ደግሞ "ምን ይዘን እንምጣ?" አሉት። የተጠራ ሰው የራሱን ምግብ ይዞ ይመጣል እንዴ? አርቪድ ግን ወዲያው አልመለሰለትም አለኝ። ቆይቶ "ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጊዜው ነው" ነው ያለው።


ጥቅምት 19፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር?

መጋዘኑ ፊት ሸራ ወጠርን፣ ጠረጴዛ ዘረጋን። ዶሮ ሠርቻለሁ፣ አልጫ ሠርቻለሁ። እነሱ ድንች ያለበት ትሪ፣ አረንጓዴ የሚንቀጠቀጥ ጄሎ (ውስጡ ካሮት!) ይዘው መጡ። አርቪድ በጢስ የደረቀ ትልቅ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም። ማዶ ያሉት ባልና ሚስት፣ ላሞች ያሏት ሴትዮ፣ ሌሎችም... ጋሽ ቃልቤሳ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መሃል ተቀመጡ። ከተበላ በኋላ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ሶሊያና አጠገባቸው ቆማ ታስተረጉማለች። ለካ አማርኛዋ እንዲህ ጥሩ ነው? እኔ ሳናግራት ለምን ይጠፋባታል?

መጀመሪያ ኤዶሳ ተነሣ። ሳልመክረው! በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው፣ ሳይንተባተብ። "ታምሜ ነበር። ያ ማማ አዳነኝ። የሰረቀኝ ሰው እዚህ መሃል ካለ፣ የወሰደው እንጨት አይደለም፣ የሰው ነፍስ ነው" ብሎ ተቀመጠ። እኔ እግሬን አያለሁ።

ጋሽ ቃልቤሳ ስለ ወፏ ነገሯቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። የላሞቹ ሴትዮ ብቻ "ወፌ የላይኛውን የከብት በር ሳይዘጋ የሚሄድ ሰው አለ ትላለች" አለች፣ አንዱ ጎረምሳ ቀላ። ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል።

አርቪድ ኮፍያውን አወለቀ። ያለ ኮፍያ አይቼው አላውቅም፤ ግንባሩ እንደ ሕፃን ነጭ ነው።

"የኔ ወፍ ቀርፋፋ ናት" አለ። "ልትናገር አፏን ትከፍታለች፣ ከዚያ ስለ ዝናብ ታወራለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ስታደርግ ቆየች።" ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። "ወፌ... ኦኩ ከመስመሩ ወዲያ ነው ትላለች።"

"ከየትኛው መስመር?" አለ ኤዶሳ።

"ከድንበሩ። ኦኩ በኔ በኩል ነው፣ ኤዶሳ።"

ሶሊያና ለጋሽ ቃልቤሳ ማስተርጎሙን ተወችው። ሁላችንም ተነሥተን ተከተልነው። ጅረቱ ጋ ሳንደርስ፣ ገና ብዙ ሲቀረን፣ አርቪድ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን በእጁ ጠረገው። የቀያሽ ብረት ችካል። ዝገቱ የቆየ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥቋጦ፣ ኦኩ፣ ጅረቱም ራሱ... የአርቪድ ነው።

ኤዶሳ ችካሉ ላይ እንደቆመ ቀረ። "የሸጠችኝ አሮጊት አዙራ አሳየችኝ እኮ" አለ ለራሱ። "በእጇ ጠቁማ። እስከ ጅረቱ ያንተ ነው አለችኝ።" እኔ ቀኑን አስታውሳለሁ። ሽማግሌ ሰው አብሮህ ዞሮ ድንበሩን ካሳየህ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ? አገራችን ጅረት ካለ ድንበሩ ጅረቱ ነው። የፈረሙትን ወረቀት ማን አገላብጦ አየው? እኔም አላየሁትም።

አርቪድ ገና አልጨረሰም። ቁልቁል እያየ ነው የሚያወራው። ዛፉ እሱ ጋ መሆኑ ግድ አልሰጠውም። መስከረም ላይ ሲያልፍ የመሰላሉን የታችኛውን ደረጃ ያዝ ቢያደርገው በእጁ ላይ ተሰበረ። በስብሷል። "ልብህ እንዲህ ሆኖ ከዚያ ብትወድቅስ?" ልንገረው ብሎ አሰበ። ከነገረው ደግሞ ነገሩ ዛፉ የማን ነው ወደሚለው ይሄዳል፣ ኤዶሳ ያፍራል። ስለዚህ ነቅሎ ወሰደው። ጠግኖ፣ ሳይታይ መልሶ ሊተክለው ነበር። ማሞቂያው፣ ወንበሩ፣ ሸራው፣ ሁሉም እሱ መጋዘን ውስጥ ነው፣ እንዳይዘንብበት። ጉልበቱ ያመዋልና ሥራው ዘገየበት። "ሌባ እንደምትሉኝ አላሰብኩም" አለ። "ማሰብ ነበረብኝ።"

ኤዶሳ መኪናው ውስጥ ገባ። እኔ ነኝ ሳህን ሰብስቤ፣ አርቪድን አቅፌ፣ ሁሉን ተሰናብቼ የመጣሁት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ መንገዱን ብቻ አየ። ቤት ስንደርስ "ድንበር ገፊ" አለ።


ጥቅምት 20፣ እሁድ

ሶፋው። ግድግዳው።

"ልሸጠው ነው" አለኝ። "አባቴ ከድንበር ገፊ ጋ ማዕድ አይቆርስም ነበር። የሰው ላም የነዳ ይታረቃል፣ ድንበር የገፋ ግን ልጁ እንኳ በዚያ ይጠራል። እኔ የሰው መሬት ላይ ተሰቅዬ፣ ባለቤቱን በሰው ፊት ሌባ አልኩት። ደግሞ እሱ የኔን መሰላል እየጠገነ!"

"አላወቅክም እኮ ኤዶዬ።"

"ድንበር ገፊ ሁሉ አላወቅኩም ነው የሚለው።"

ምን ልበለው? ባለፈው ሳምንት ጠመንጃውን ነበር የምፈራው። ዛሬ ዝምታውን ነው። ንዴቱ እንኳ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ያስነሳዋል። መሬቱ ከተሸጠ የት ይራመዳል? ሰኔን አስታውሳለሁ። ያኔ እዚያ ባልወስደው ኖሮ... አልጽፈውም።

እጄን ደረቱ ላይ አደረግኩ። አልተቆጣኝም። ያ ነው ያስለቀሰኝ።


ጥቅምት 23፣ ረቡዕ

ቁልፉን ከሽሮው አወጣሁት። አልጠየቀኝም።

ሽሮው ብረት ብረት ይላል... ወይስ እኔ ነኝ?


ጥቅምት 25፣ ዓርብ

ከሥራ ስገባ ሶፋው ላይ የለም! ጓሮ አገኘሁት። የአበባዬን ዙሪያ ድንጋይ አንድ በአንድ እያነሳ ይመዝናል።

"ምን ልትሆን ነው?"

"ነገ ጋሽ ቃልቤሳን ይዤ አርቪድ ጋ እሄዳለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ።"

ገባኝ። የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ይሸከማል፣ የተበደለው "አውርድ" እስኪለው ጎንበስ ብሎ ይቆማል። እኔ ግን ድንጋዩን ነው ያየሁት። የሕፃን ልጅ ያህላል!

"ደረትህ! ዶክተሩ ከባድ ነገር አታንሳ አላለህም? ይቺን ውሰድ" አልኩና አንዷን አነሳሁለት።

"ይቺ? የኔ ይቅርታ ጠጠር ነው?"

ተከራከርን። ከፍ ያለውን ያነሳል፣ ዝቅ ያለውን አቀብለዋለሁ። እንደ ገበያ። በመጨረሻ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ፣ መካከለኛ የሆነች ላይ ተስማማን። ሶሊያና በመስኮት እያየች "ሂ ዊል ኮል ናይን ዋን ዋን፣ ዩ ኖው" አለች፤ አርቪድ ደንግጦ ፖሊስ ይጠራል ማለቷ ነው። እሷም ግን ትመጣለች። ከኋላ ወንበር ላይ ድንጋዩን አስቀምጣ ቀበቶ አሠረችለት። እንዳይንከባለል ነው አለች።

እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም። አርቪድ ምን ያውቃል ስለ ድንጋይ? ግራ ገብቶት ቢስቅስ? ቢስቅበት ኤዶሳ ተመልሶ አይነሳም። እመብርሃን አንቺ ታውቂያለሽ።


ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

የአደን ወቅት የሚከፈትበት ቀን መሆኑን ረስተነው! መንገዱ ሁሉ ብርቱካናማ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። አርቪድም ለብሶ፣ ቴርሞሱን ይዞ ከቤቱ ሲወጣ ደረስን።

ኤዶሳ አጥሩ በር ላይ ወረደ። መኪና እስከ ቤቱ ድረስ መንዳት ነውር ነው አለ። ነጠላዬን ትከሻው ላይ አደረግኩለት፣ ድንጋዩን ጋሽ ቃልቤሳ ማጅራቱ ላይ አስቀመጡለት። በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የጠጠሩን መንገድ ጀመረው። እኛ ከኋላ። ሽቅብ ነው። ትንፋሹን እሰማለሁ። ኤዶዬ፣ ቀስ...

አርቪድ አሻግሮ አየ። ቆመ። ቴርሞሱን ጥሎ ሮጠ! በዚያ ጉልበቱ ሮጠ!

"አውርደው! ለእግዜር ብለህ አውርደው፣ ልብህ! አውርደው!"

ሌላ ምንም አላለም። ግን እሷው ነበረች ቃሏ።

ሶሊያና ስትተረጉምላቸው ጋሽ ቃልቤሳ ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሱ። "አውርድ ተባለ!" አሉ። "ሰማችሁ? ሦስት ጊዜ አለ!" አርቪድ ደግሞ ቃል ብቻ አልበቃውም፣ ደርሶ ድንጋዩን በራሱ እጅ ከማጅራቱ አነሳው። ኤዶሳ ቀና አለ። ሲያለቅስ አየሁት። ሆስፒታል እንኳ አላለቀሰም። የአርቪድን ትከሻ ስሞ፣ እንደገና ስሞ፣ "ይቅር አልከኝ" ይላል። አርቪድ ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ ሶሊያና ዞረ።

"ምን አደረግኩ?" አላት።

ነገረችው። በዝግታ፣ ሁሉንም። ኤዶሳ ምን እንደተሸከመ፣ "አውርድ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ። ሽማግሌው አዳመጠ። "እንግዲያው እኔም ያስፈልገኛል" አለና ድንጋዩን ወደ ራሱ ማጅራት ሊያወጣው ሲል ኤዶሳ "አውርድ! አውርድ!" እያለ ተንጠለጠለበት። ሁለት የታመሙ ሰዎች በአንድ ድንጋይ ሲታገሉ... ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ከዚያ መጋዘኑን ከፈተልን። ማማው መሃል ላይ ቆሟል። መሰላሉ አዲስ ነው፣ ደረጃዎቹ ቀረብ ቀረብ ያሉ፣ በሁለት በኩል መያዣ ያለው። "ቶሎ እንዳይደክምህ" አለ። ላይኛው ላይ ደግሞ መቀመጫው ሁለት ሆኗል።

"ሁለተኛው ለማን ነው?" አለ ኤዶሳ።

አርቪድ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ዝናቡ፣ ማለቴ ወደ ሰማዩ። "ሚስቴን አንድም ቀን ነይ አብረን እንውጣ አላልኳትም ነበር" አለ። "አሁን ሳስበው... ትመጣ ነበር።"

ከዚያ ሌላ ጉድ። አርቪድ ማማው ወደ ኦኩ ይመለስ፣ ዛፉ ያንተ ነው ይላል። ኤዶሳ ሞቼ እገኛለሁ፣ በራሴ በኩል ነው የሚቆም ይላል። አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም፣ በር ላይ እንደተገናኙ ሰዎች። አርቪድ የቀዳልን ቡና ቀዘቀዘ። ጋሽ ቃልቤሳ ፈረዱ፤ ማማው በኤዶሳ በኩል ይቆማል፣ ኤዶሳ ግን ኦኩ ሥር በፈለገ ጊዜ ሄዶ ይቀመጣል። ድንጋዩን ችካሉ አጠገብ አደረጉት። የአበባዬ ድንጋይ እዚያ ቀረ።


ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

ወጣሁ።

ብርቱካናማ ሰደርያ ከነጠላዬ በላይ አልብሶኝ፣ ከኋላዬ ሆኖ "ያዢው፣ አሁን ግራ እግርሽን፣ እንዲያ" እያለ... እኔ፣ ማሚት፣ ዛፍ ላይ! ከፍታው ያስፈራል። ግን ይታያል። ችካሉ ይታያል፣ ድንጋዬ ይታያል፣ ኦኩ፣ ጅረቱ፣ ከዚያ ማዶ የአርቪድ ጢስ። ኤዶሳ ምንም አያወራም። ትከሻው ትከሻዬን ነክቷል። ለካ እዚህ ወጥቶ የሚሠራው ይሄን ነው? ዝም ብሎ መቀመጥ። እቤት ሶፋው ላይ ያለው ዝምታ አይደለም ይሄ። እስካሁን ይሄን ለምንድነው ያልነገርከኝ ብዬ ልጠይቀው ስል እጄን ጨበጠኝ።

አጋዘን።

ከጅረቱ በኩል መጣች። ኦኩን አለፈች፣ ድንጋዩን አለፈች፣ ወደ እኛ። እግሯ ቀጭን ነው። ኤዶሳ ጠመንጃውን አላነሳም። ደረሰች፣ ደረሰች... ቆመች። አፍንጫዋን አነሳች። ጆሮዋ ቀጥ አለ። ከዚያ ቀና ብላ እኔን፣ እኔን ብቻ፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ነጭ ጅራቷን ቀስራ እንደ ጥይት በረረች።

ጠዋት ሽንኩርት ከትፌ ነበር የወጣሁት።

ኤዶሳ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ። መሃል ላይ ያቆመዋል ብዬ ጠበቅኩ። አላቆመውም። ማማው ተንቀጠቀጠ፣ ቅጠል ረገፈ፣ ከማዶ አርቪድ ሰምቶ ይሆናል። "አላልኩሽም? አላልኩሽም!" እንባው ወረደ። ደንግጬ እጄን ደረቱ ላይ አደረግኩ። ልቡ ይመታል። ደንበኛ አድርጎ ይመታል። እጄን ከላይ በእጁ ሸፈነውና መሳቁን ቀጠለ።

ማታ ቤት ስንገባ ልብሱን ሽታ በሌለው ሳሙና አጠበ። የኔን ሹራብና ነጠላም ከራሱ ጋ ጨመረው። አሁን በወጥ ቤቱ መስኮት እያየሁት ነው፣ ጓሮ ገመዱ ላይ ሲሰቅላቸው። የሱን ሰቀለ። የኔን ከጎኑ ሰቀለ።